ከገንዳው በፊት ቦኖው፦ በጎንደር አንድ ሰፈር መዋኛ የተሠራበት ጉዳይ

በዕድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ሰማያዊ ውሃ፣ ስድስት የመዋኛ መስመር፣ ዙሪያውን የተመልካች መቀመጫ፣ ጥግ ላይ ካፌ። የሣለው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ እጁ ያምራል። ሰዉ ሥዕሉን እያየ ፈገግ ብሏል። እኔም ፈገግ ብያለሁ። የውሃ መሐንዲስ ስለሆንኩ ሥራውን በነፃ እንዳግዝ ተጠርቼ ነው የመጣሁት።

በዚህ መሀል አንዲት እናት ተነሡ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ከስብሰባው በኋላ ውሃ ሊቀዱ ስላሰቡ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ነው የመጡት። ጀሪካኑን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ሥዕሉ ፊት አስቀመጡት። ባዶ ስለነበር ድው አለ።

«መጀመሪያ ይኼን ሙሉልኝ። ከዚያ ስለ ዋናው እናወራለን» ብለው ተቀመጡ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ካልኩሌተሬን አወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራነው ሥራ ሁሉ የሳቸውን ጥያቄ ለመመለስ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከሐዘን ነው የመጣው። አንድ ክረምት ላይ ከሰፈሩ ሁለት ልጆች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ወንዝ ወረዱ። የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ የሟቹ አባት የዕድሩን ሊቀመንበር ቤት አንኳኳ። «የኔስ ሄደ። የሌላው ሰው ልጅ እንኳ ዋና ይማር» አለ። ከዚህ በላይ የተናገረው ነገር የለም። ኮሚቴው የተቋቋመው በዚያ ሳምንት ነው።

ጎንደር ላይ አንድ ልጅ ዋና ልማር ቢል የት ይሄዳል? ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ የመግቢያው ዋጋ ግን የቀን ሠራተኛ ልጅ የሚችለው አይደለም። ጣና አለ። ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ወንዞቹ በጋ ላይ ቀጭን ናቸው። ክረምት ሲገባ ደፍርሰው በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። ልጅ የሚፈተነው ያኔ ነው።

በስብሰባው ላይ አንድ አረጋዊ ካህንም ተናግረው ነበር። «ጥር 11 ጸሎቱ አልቆ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ እየዘለለ ይገባል። እኔ ግን አንድ እየዘለለ ሲገባ አንድ እስኪወጣ እቆጥራለሁ። መዋኘት የሚችለው ስንቱ ነው?» አሉ። ጎንደር ላይ ጥምቀትን ያየ ሰው ይኼን ጭንቀት ያውቀዋል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዓለም ዙሪያ ሰው መጥቶ ያያል። ልጆቻችን ግን ወደዚያ ውሃ የሚገቡት በደስታና በድፍረት እንጂ በችሎታ አይደለም።

ፋሲል የሠራውን ሥራ ማየት

ከስብሰባው ማግስት ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድኩ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በመሐንዲስ ዓይን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ። መዋኛውም በስማቸው ይጠራል። ውሃው የሚመጣው ከቀሃ ወንዝ ነው። በቦይ ተመርቶ፣ በመሬቱ ተዳፋት ብቻ። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። ቦታው የተመረጠው ውሃው በራሱ ጊዜ እንዲደርስ ሆኖ ነው።

ሌላም ነገር አለው። ያ ገንዳ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ይለቀቃል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይዞ አይቆይም። ስለዚህ ማጣሪያ አያስፈልገውም፤ በየቀኑ የሚጨመር ውሃም የለም። የኛ ሥዕል ላይ ያለው ገንዳ ግን በየቀኑ ሙሉ፣ በየቀኑ ንጹሕ መሆን አለበት። ሁለቱም ገንዳ ይባሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

የጀሪካን ሒሳብ

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሒሳቡን በሊትር አላቀረብኩም። በጀሪካን ነው ያቀረብኩት።

የተሣለው ገንዳ ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12.5 ሜትር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር ቢሆን 437 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 21,800 ጀሪካን አካባቢ ነው። አንድ ቤት በቀን አምስት ጀሪካን ይፈጃል እንበል። 300 ቤት ያለበት ሰፈር ለሁለት ሳምንት የሚጠጣው፣ የሚያበስልበትና የሚታጠብበት ውሃ ማለት ነው።

ይኼ ቁጥር ሰዉን አስደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላኛው ነው። መሙላቱ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ ለምነንም ተበድረንም እንሞላዋለን። ዕዳው ያለው በየቀኑ በሚጨመረው ላይ ነው። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ከገንዳው ፊት በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይተንናል። ለዚህ ስፋት 1,500 ሊትር ይሆናል። በዚያ ላይ ውሃው ጤናማ እንዲሆን ለእያንዳንዱ ዋናተኛ በቀን 30 ሊትር ያህል አሮጌ ውሃ አውጥቶ አዲስ መተካት የተለመደ መመሪያ ነው። ማጣሪያው በተገላቢጦሽ ሲታጠብ የሚወጣውም ከዚሁ ይቆጠራል። በቀን መቶ ሰው ቢዋኝ 3,000 ሊትር ነው። ሲደመር በየቀኑ 230 ጀሪካን አካባቢ። ዛሬም፣ ነገም፣ በፋሲካም፣ በፈረቃው ሳምንትም።

ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። ከተማው ውሃ የሚያገኝበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። የመገጭ ግድብ እስኪያልቅ ዓመታት ተጠብቋል። ከተማው ደግሞ ሰፍቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከከተማው ቧንቧ ላይ በቀን 230 ጀሪካን ወስዶ ልጅ እንዲንቦራጨቅበት ማድረግ ከጎረቤት ጉሮሮ መንጠቅ ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ሥዕሉን የሣለው ልጅ አንገቱን ደፋ። አዘንኩለት። ሥዕሉ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ገንዳ የኮንክሪት ሥራ ነው ብለን የተነሣነው እኛ ነን።

ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ይተው ያለ ነበር። ትልቁ ይሠራና ውሃው በቦቴ ይምጣ ያለም ነበር። በመጨረሻ ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ገንዳው ከከተማው ቧንቧ ጠብታ አይነካም። የራሳችን ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ በበሩ ላይ ወደሚሠራ ቦኖ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ትንሹ ገንዳ ነው። 12.5 ሜትር በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር። ዋና ለመማር ይኼ ይበቃል። 67 ሜትር ኩብ ይይዛል። በቀን አርባ ልጅ ቢማርበት የሚጨመረው 80 ጀሪካን ገደማ ነው። የትልቁ ገንዳ ቦታ ሳይነካ ይቆያል።

እኔ እስከ ዛሬ ትክክለኛ ነው ብዬ የማምነው ውሳኔ ይኼ ነው። የሟቹ ልጅ አባት እጁን ከሁሉ ቀድሞ አወጣ።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ያገኘነው ውሃ ከፈራነው በላይ፣ ከተመኘነው በታች ሆነ። ቦኖው መጀመሪያ ተከፈተ። ገንዳው ገና ጉድጓድ እንኳ ሳይሆን እትዬ ጀሪካናቸውን ሞልተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዋልካው

መሬቱ ከማዘጋጃ ቤት የተገኘ ነው፤ ወደ አዘዞ አቅጣጫ፣ ሜዳ ላይ። ሜዳ ማለት ደግሞ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ዋልካ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ መጋቢት ላይ ስንጥቁ ውስጥ ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ አስገብቻለሁ። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። እላዩ ላይ የተቀመጠውን ቤትም አጥርም ያነሣል፣ መልሶ ያወርዳል። ገንዳ እንዲህ ያለ አፈር ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ ዋልካውን ቆርጠን አውጥተን በገረጋንቲ፣ ውሃ ጠጥቶ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ ሞላን። በንብርብር፣ እያንዳንዱ እየተጠቀጠቀ። ብዙ ገንዘብ የበላው ሥራ ይኼ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ግን ምንም አያይም። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ «ገንዘቡን አፈር ውስጥ ቀበርነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ የቀበርነው ግን አውቀን ነው።

ያላወቅነው ነገር ክረምቱ ሲበረታ መጣ።

አርማታው ተሞልቶ፣ ለፍተሻ ውሃ ገብቶበት፣ ምንም እንደማያፈስ ታይቶ ነበር። ነሐሴ ላይ ተቋራጩ ሴራሚኩን ለመጨረስ ውሃውን አወጣው። ለኔ አልነገረኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥበቃው ደወለልኝ። «መሐንዲስ፣ ገንዳው ተነሥቷል» አለኝ። ያለኝ አልገባኝም። ሄጄ ሳይ አንዱ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል። ከጥጉ ጀምሮ ወደ መሀል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሄዳለች። ጣቴን አስነካኋት፤ ረጥባለች። ውሃው ከታች እየገባ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ይጠግባል። ገንዳው ባዶ ሲሆን አፈር ውስጥ እንደተቀመጠ ጀልባ ነው። ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ሲል በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ወደ ላይ ይገፋል። 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ግን ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ620 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ግድግዳዎቹ ቢያግዙም አልበቁም። ያቆየው የነበረው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ ገንዳው ተንሳፈፈ።

ተቋራጩን መውቀስ ቀላል ነበር፤ ሰዉም ወቅሶታል። ግን ውሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «ከሰኔ እስከ መስከረም ገንዳው ባዶ አይሁን» የሚል አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ ማንጣፈፊያ አልሣልኩም። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ከባድ ቀን ነበር።

ጥገናው አራት ወር ወሰደ። ወዲያው ውሃ መልሰን ሞላንበት፤ ጥጉ ቀስ እያለ ወረደ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። በጋ ሲገባና መሬቱ ሲደርቅ አወጣነውና ስንጥቁን ጠግነን ሴራሚኩን ጨረስን። በዙሪያው ቦይ ቆፍረን ቀዳዳ ያለው ቧንቧ በጠጠር ቀበርን። ወለሉ ላይ የታችኛው ግፊት ሲበረታ በራሱ የሚከፈት ቫልቭ ገባ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቧንቧ መሬት ውስጥ ተተከለ። ጥበቃው በየሳምንቱ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አስገብቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ የት እንደደረሰ ይለካል። ልኬቱን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ገንዳ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይኼን ቧንቧ ቢተክል ደስ ይለኛል። ርካሽ ነው፤ እኛን ከሁለተኛ ኪሳራ ያዳነን እሱ ነው።

ከዚህ ችግር አንድ መልካም ነገር ተገኘ። ገንዳው ክረምት ላይ የግድ ሙሉ መሆን አለበት ከተባለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ከሰማይ ይወርዳል። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የልብስ መቀየሪያውና የፓምፕ ቤቱ ቆርቆሮ አንድ ላይ 200 ካሬ ሜትር ነው። የሚባክነው ተቀንሶ በዓመት 160 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ገንዳውን ከሁለት ጊዜ በላይ ይሞላል። አሸንዳ ዘርግተን ከጣሪያው በማጣሪያ በኩል ወደ ገንዳው አገናኘነው። አሁን በየክረምቱ የምንሞላው በዝናብ ነው። ከጉድጓዱ የምንወስደው የበጋውን ጭማሪ ብቻ ነው።

ብርዱ

ይኼን ማንም አላሰበውም፤ እኔም ጭምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ስናስገባ 19 ዲግሪ አሳየ። ለጀማሪ ልጅ የሚመከረው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከንፈራቸው ጠቆረ። አንዷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «አልበረደኝም» ትላለች፤ እንዳያስወጧት ፈርታ። አስወጣናት፤ ጋቢ ደረብንላት።

ማሞቂያ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረም። ሰዓቱን ለወጥን፤ ትምህርቱ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሆነ፣ አንድ ዙር 25 ደቂቃ። ቆርቆሮው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ጠመዝማዛ አድርገን ዘረጋንና ውሃው በዚያ እየዞረ በፀሐይ እንዲሞቅ አደረግን። ማታ ገንዳው ወፍራም ሸራ ይለብሳል። ሸራው ሙቀቱንም ውሃውንም ይይዛል፤ የሚተንነውን በእጅጉ ቀንሶልናል። አሁን ከሰዓት ላይ 26 እና 27 ዲግሪ ይደርሳል። 30 አይደለም። ልጆቹ ግን አይንቀጠቀጡም።

ከፍታው ፓምፑንም ይነካል። አየሩ ስለሚሳሳ ፓምፕ ከታች ውሃ የመሳብ አቅሙ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ደረጃ ዝቅ አድርገን አስቀመጥነው፤ ውሃው ወደሱ ይወርዳል እንጂ እሱ አይስብም።

ማን ይይዘዋል?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልጽፍም። ዕድሩ አዋጣ፤ ውጭ ያሉ የሰፈሩ ልጆች ላኩ፤ ነጋዴው ሲሚንቶና ፌሮ ሰጠ። ለመሥራት ገንዘብ ይገኛል። ሰው ለምረቃ ሪባን ደስ ብሎት ይሰጣል። ለክሎሪን፣ ለመብራትና ለነፍስ አድን ደመወዝ ግን እጁን የሚዘረጋ የለም። ስለዚህ መሠረቱ ሳይወጣ በፊት የሁለት ዓመት ማስኬጃው ባንክ ገባ። ይኼን ያስያዙት ሊቀመንበሩ ናቸው፤ «ልጅ ወልዶ ጡት መከልከል አይሆንም» ብለው።

ውሃውን የሚይዘው አንድ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ይለካል። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። 65 ከመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት ስለሆነ የምንጠቀመው፣ የኛን ገንዳ በ1 ሚሊ ግራም ከፍ ለማድረግ 100 ግራም ገደማ ይበቃል። በግምት አይጨምርም፤ የቡና ነጋዴ ሚዛን ገዝተንለታል። ዱቄቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ይበትናል እንጂ ውሃ በዱቄት ላይ አያፈስም፤ ያ አደገኛ ነው። ልጆች ካሉበት ውሃ ውስጥም ዱቄት አይገባም። በጠራራ ፀሐይ አብዛኛው ክሎሪን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋ ዋናውን መጠን የሚጨምረው ማታ፣ ሸራው ከመልበሱ በፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል። ትንሽ ገንዳ ብዙ ልጅ ሲኖርበት ውሃው በሰዓት ተኩል ውስጥ አንድ ጊዜ መጣራት ስላለበት፣ መብራቱ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ከቆየ ልጆቹ ይወጣሉ። ያለቅሳሉ፤ ቢሆንም ይወጣሉ።

የሴት ልጆች ጉዳይ ከባድ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። አንዳንድ እናቶች «ሴት ልጅ በሰው ፊት ራቁቷን?» አሉ። ማክሰኞና ቅዳሜ ለሴቶች ብቻ ሆነ፤ አስተማሪዋም ሴት ናት፤ ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ ተፈቀደ። አሁን ቅዳሜ የሚመዘገበው ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል።

የቦኖው ደንብ አንድ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የጉድጓዱ ውሃ ለጀሪካን ነው። ሰልፉ ሳያልቅ ወደ ገንዳ አይዞርም፤ 4 ሰዓት ቢሆንም። የሚያዞረው ቫልቭ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው እትዬ ዘንድ ነው። ኮሚቴው ቁልፉን ሲሰጣቸው መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። አንድ ቀን ሰልፉ ረዝሞ ወጣቱ የውሃ ያዥ «እትዬ፣ ገንዳው ሁለት ጣት ጎድሏል» አላቸው። «ይጉደል» አሉት። እስከ 5 ሰዓት ጠበቀ።

የትልቁ ገንዳ ቦታ አሁንም ሣር ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከፓምፕ ቤቱ ወደዚያ የሚሄድ አንድ ወፍራም ቧንቧ ቀብረን ጫፉን በክዳን ዘግተናል። በላዩም ቦታው እንዳይጠፋ ትንሽ የኮንክሪት ምልክት ተተክሏል። ሥዕሉን የሣለው ልጅ ወረቀቱን አላወረደውም። እንደተለጠፈ ነው። ባለፈው ወር ስሄድ በእርሳስ አንድ ነገር ጨምሮበት አየሁ። ከስድስቱ መስመር በፊት፣ በሩ አጠገብ፣ ቦኖና የጀሪካን ሰልፍ።